መርፌ የማይስማማው ምልምል
ግልጽ ደብዳቤ

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. መከላከያ ሚኒስቴር፣ የሠራዊቱን ጤና ለምትመሩ ኃላፊዎች
ለጤና ሚኒስቴር
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ግልባጭ፦ ልጆቻቸውን ለውትድርና ለሚሸኙ የሰሜን ጎንደር እናቶችና አባቶች

ጉዳዩ፦ የመድኃኒት አለርጂ ያለባቸው ምልምሎች እንዲጠየቁ፣ እንዲመዘገቡና ሳይጣራ እንዳይመለሱ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ ልጅ ወደ ክፍሌ ገባ። ከጃናሞራ ወገን የመጣ ነው፤ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። የሠራዊት ምልመላ ማስታወቂያ አይቶ ሊመዘገብ ተነሥቷል። በእጁ የያዘው የሕክምና ደብተር ሽፋኑ በጭስ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተበልቷል። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «ፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ሲስተር፣ ይቺን ገጽ ይቅደዱልኝ። ካልሆነም አዲስ ደብተር ይጻፉልኝ» አለኝ።

«ለምን ልጄ?»

«ይቺን ካዩ ይጥሉኛል አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«ሰው።»

አልቀደድሁለትም። ግን ዝም ብዬም አልሸኘሁትም፤ አስቀምጬ ያ ቀይ ጽሑፍ እንዴት እንደ ተጻፈ ጠየቅሁት። ትዝታው የራሱ ሳይሆን የእናቱ ነው። ሰባት ዓመት ገደማ ሳለ በክረምት ቤተሰቡ በሙሉ በትኩሳት ወደቀ። አባቱን በቃሬዛ፣ እሱን በጀርባ አድርገው ከሩቅ መንገድ ወደ ሕክምና ወሰዷቸው። መርፌ ተወጋ። ብዙም ሳይቆይ ብርድ ብርድ አለው፣ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ቢደርቡለት አልሞቅ አለው። ከዚያ ላብ አጠመቀው፣ ዓይኑ ተገለበጠ። እናቱ «መርፌው ልጄን ሊገድልብኝ ነው!» ብላ ጮኸች። በማግሥቱ ዳነ። ደብተሩ ላይ ግን ያ ቀይ መስመር ቀረ።

«ቆዳህ ሳማ እንደ ለበለበው ጉብጉብ ብሎ ነበር? ከንፈርህ አብጦ? ትንፋሽ አጥሮህ?»

«እንዲያ አላለችም። ተንቀጠቀጠ ነው የምትል።»

በደጋ የሠራ የጤና ባለሙያ ይህን ሲሰማ ልቡ ወደ ሌላ ይሄዳል። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ ማለትም ግርሻ፣ ዛሬም በዓለም ላይ ዋነኛ መኖሪያው የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ነው። ብርዱ ሲጠና፣ ልብስ ሲደረብና ሰው ተጠጋግቶ ሲተኛ ይበረታል። ፔኒሲሊን ጀርሙን ይገድለዋል፤ ነገር ግን ጀርሞቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ይወርዳል። በሕክምናው ቋንቋ የያሪሽ ሄርክስሃይመር ምላሽ ይባላል። ሰውን ሊገድል ስለሚችል ጥብቅ ክትትል ይፈልጋል፤ አለርጂ ግን አይደለም። የልጁም ነገር ይህ ከነበረ፣ ነገ ቶንሲል ታሞ ያንኑ ፔኒሲሊን ቢወስድ ያ መንቀጥቀጥ አይመለስበትም።

ለልጁ «ሊሆን ይችላል» አልሁት እንጂ «ነው» አላልሁትም። ያን የሚለይ ምርመራ ነው፤ ምርመራው ደግሞ እስከዚያ ቀን አልተደረገለትም።

ይህን የምጽፈው ዝመቱ ወይም አትዝመቱ ለማለት አይደለም። ያን እያንዳንዱ ወጣት ከራሱና ከቤተሰቡ ጋር ይመክርበታል። የእኔ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንድ ወጣት ወስኖ በደጃችሁ ከቆመ በኋላ ሕይወቱን ሊያድን የሚችለውን አንድ ቃል ፈርቶ እንዳይደብቅ ነው።

የእኔ ዘመን ሰዎች የተገላቢጦሹን አይተናል። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ባወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ዜጋ የስድስት ወር ሥልጠናና የሁለት ዓመት አገልግሎት ግዴታ ነበረበት። ያኔ በሽታ ይፈለግ ነበር፤ «አስም አለበት በይልኝ» ብላ የምትለምን እናት ነበረች። አሁን በሕጉ የሚመለመለው ፈቃደኛና ብቁ የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ በሽታው ይደበቃል፣ ደብተሩ ይቀደዳል። ያኔም አሁንም በመካከል የሚጠፋው እውነተኛው የጤና መረጃ ነው።

የምልመላ ምርመራ የሚታየውን ያያል፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ ጥርስ፣ ልብ፣ ደረት። የመድኃኒት አለርጂ ግን በራጅ አይታይም፤ በተለመደው የደም ምርመራም አይወጣም። ጤነኛ፣ ጠንካራ፣ ሊማሊሞን በእግሩ የሚወጣ ጎረምሳ ሆኖ አንድ ጠብታ መድኃኒት ሊጥለው ይችላል። ይህን የምናገኝበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መጠየቅ። ተጠያቂው ደግሞ እውነቱን የሚናገረው መልሱ እንደማያስቀጣው ሲያውቅ ነው።

ሳይጠየቅ ቢገባስ? ልጁ ከደጋው ወርዶ ብርሸለቆ ወይም ሌላ ማሠልጠኛ ገባ እንበል። ብዙ ወጣት በአንድ አዳራሽ ይተኛል፤ ጉሮሮ ያማል፣ ሳንባ ይታመማል፣ ቅማል ከገባም ግርሻ ይከተላል። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓት ሲለወጥ በካምፕ ተሰብስበው የነበሩ የቀድሞ ሠራዊት አባላትን ግርሻ እንዴት እንዳጠቃቸው የሚያስታውስ ባለሙያ ዛሬም አለ። ለእነዚህ ሁሉ ቀድሞ እጅ የሚገባው የፔኒሲሊን ዘር ነው። እዚያ ልጁ ቢያንስ መናገር ይችላል።

የቆሰለ ቀን ግን አይናገርም። ደም ፈሶት ራሱን የሳተ ወታደር ፊት የቆመው ነርስ የሚያየው ቁስሉን ብቻ ነው። ኢንፌክሽን እንዳይገባበት አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ለሕመሙ ዲክሎፊናክ ይወጋዋል። ለቴታነስ ቲኤቲ ይሰጠዋል፤ ይህ መርፌ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ስለሆነ ራሱን የቻለ የአለርጂ አደጋ አለው። ሦስቱም ለማዳን የሚሰጡ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ለዚህ ልጅ ጥይት ሊሆን ይችላል። ነርሱ አላጠፋም፤ የሚያነበው ነገር አልነበረውም።

እዚህ ላይ የደጋችንን ነገር ላንሣ። በከተማ የበሽተኛ ካርድ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ የሚመጣ ሰው ግን አንድ ጊዜ ጤና ኬላ፣ አንድ ጊዜ ደባርቅ፣ ሲብስበት ጎንደር ይታያል፤ በየደረሰበት አዲስ ካርድ ይወጣለታል። መድኃኒቱን በስሙ አያውቀውም፤ «ያ ቀይና ጥቁሩ ፍሬ» ይላል፣ ወይም «ቂጥ ላይ የሚወጉት ነጩ መርፌ»። የሕክምና መዝገቡ እናቱ ናት። ልጁ ለሥልጠና ሲሄድ ያ መዝገብ ከደጋው ማዶ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጥፋት፤ አለርጂ ያለ የመሰለውን ሁሉ መጣል። «አለበት ከተባለ ለምን እንቀበለዋለን?» የሚል ቅን ሐኪም ይኖራል። ለእሱ መልሱ ይህ ነው፤ አለብኝ የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለበትም።

በብዙ አገሮች እንደ ታየው ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ፔኒሲሊን አይስማማኝም ይላል። በሚገባ ሲመረመሩ ግን ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ያለ ችግር ይወስዱታል። አንዳንዱን ያቅለሸለሸው ወይም ያስቀመጠው ነው፤ ያ የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ አለርጂ አይደለም። አንዳንዱ በልጅነቱ በቫይረስ ምክንያት የወጣበት ሽፍታ በመድኃኒቱ ተሳብቧል። አንዳንዱ ምናልባት እንደዚያ ልጅ በግርሻ ሕክምና ጊዜ የተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ የቅጽበት አለርጂ የነበረበትም ቢሆን መድኃኒቱን ሳይወስድ አሥር ዓመት ከቆየ ከመቶ ሰማንያው ገደማ ይለቀዋል። በሰባት ዓመቱ የተጻፈ ቀይ መስመር በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ፍርድ ሊሆን አይገባም ማለት ነው።

ሌሎች ሠራዊቶች ይህን ሠርተውበታል። በአሜሪካ ሠራዊት ማሠልጠኛዎች የጉሮሮ ኢንፌክሽንና የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይዛመት ምልምሎች በጅምላ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋሉ። አለርጂ አለብኝ ያለው ይጠየቃል፤ በምትኩ አዚትሮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን ይሰጠዋል እንጂ በዚያ ብቻ ወደ ቤቱ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ደግሞ ፔኒሲሊን አይስማማንም ያሉ 328 የማሪን ምልምሎች በሐኪም ክትትል አሞክሳሲሊን እንዲውጡ ተደረገ። ወዲያው የሚታይ ምላሽ የተገኘባቸው 5 ብቻ ናቸው። የቀሩት ለዓመታት የተሸከሙትን ስም እዚያው አራግፈው ሄዱ። አምስቱም ቢሆኑ ተለይተው ታወቁ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ሠራዊት አለርጂው የተረጋገጠ ወታደር በአንገቱ ከሚያንጠለጥለው የስም ብረት ጋር ቀይ ማስጠንቀቂያ ይጨምራል፤ ራሱን ቢስት ብረቱ ይናገርለታል።

እኛስ ከባዶ እንነሣለን? አንነሣም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደንቢያ ላይ ወባ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ ነው የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድ ቡድን እየሠለጠኑ ቆላ ድባ ወርደው ይለማመዱ ነበር። ያ ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም የፋርማሲ ትምህርት ቤትም አለው። ሠራዊቱም የራሱ ሆስፒታሎች አሉት፤ ቢሾፍቱ ላይ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒት ያስከተለውን ጉዳት የምንመዘግብበት ቢጫ ቅጽ፣ ለበሽተኛው የሚሰጥ የአለርጂ ካርድና 8482 የሚባል ነጻ የስልክ መስመር አለው። ዕቃው በየቤቱ ተቀምጧል፤ የጎደለው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሻግረው ድልድይ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ጠይቁ። የምልመላ የጤና ቅጽ ላይ «አለርጂ አለብህ?» የሚል ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ ቃሉንም ላያውቀው ይችላል። «የትኛው መርፌ ወይም ኪኒን ጎድቶህ ያውቃል? ምን አደረገህ? ስንት ዓመትህ ነበር? በደቂቃ ነው ወይስ በቀናት?» ይባል። መድኃኒቱም በዘር በዘሩ ይነሣ፤ ፔኒሲሊን፣ ሰልፋ ያለበት እንደ ባክትሪም፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ማደንዘዣ፣ ቲኤቲ። ሰልፋን ለይቼ የማነሣበት ምክንያት አለ። ከ1990 እስከ 1996 ዓ.ም. ለወባ ቀዳሚ ሆኖ ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳርም የዚሁ ዘር ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ «የወባ ኪኒን ቆዳዬን ላጠኝ» ያለ ሰው ባክትሪም ሲታዘዝለት ዝምድናውን የሚነግረው ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ለዩ። የምልምሎቹን መልስ በሦስት ክፈሉት። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የመሳሰለው ብቻ ከሆነ አለርጂ ስላልሆነ ይሰረዝ። በልጅነት የወጣ ቀላል ሽፍታ ወይም ማንም የማያስታውሰው ታሪክ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ተልኮ በሐኪም ፊት ይፈተን። ሦስተኛው ትንፋሽ የዘጋ፣ ፊትና ጉሮሮ ያሳበጠ፣ ራስን ያሳተ፣ ወይም አፍና ቆዳን አቁስሎ የላጠ ነው። ቆዳ የላጠው መድኃኒት ለሙከራ እንኳ ዳግም አይሰጥም። በዚህ ሦስተኛ ረድፍ ያለው ሰው ብቁ ነው አይደለም የሚለውን ሐኪም በየግሉ ያመዛዝን። ፔኒሲሊን ብቻ የተከለከለ ወጣት ሌላ ምርጫ አለው፤ ለግርሻው ዶክሲሳይክሊን፣ ለጉሮሮው አዚትሮማይሲን። በማይታወቅ ምክንያት ደጋግሞ ራሱን የሚስት ወይም ከባድ አስም ያለበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱም ቢሆን ምክንያቱ ይነገረው።

ሦስተኛ፣ ጻፉና አስይዙት። የተረጋገጠው አለርጂ በግል የጤና ማኅደሩ ብቻ ሳይሆን ከሰውነቱ በማይለይ ነገር ላይ ይጻፍ፤ ካርድም ይሁን ብረት። ወረቀት በላብና በዝናብ ይጠፋል። ጽሑፉ የመድኃኒቱን ስምና ያደረሰውን ጉዳት ይያዝ። «አለርጂ አለበት» ብሎ ማቆም ለነርሱ ጭንቀት ይጨምርለታል እንጂ አይረዳውም።

አራተኛ፣ በግልጽ ተናገሩ። የምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ «የመድኃኒት አለርጂ አለብኝ ማለት ብቻውን አያስቀርም፤ መደበቅ ግን ያስጠይቃል» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። በዚያ ልጅ ጆሮ የገባው የ«ሰው» ወሬ የሚሸነፈው በዚህ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለነርስ ነው። ክንድ ላይ በምትወጋው ትንሽ ሙከራ ብቻ አትታመን፤ ሙከራው ንጹሕ ሆኖ ሙሉው መርፌ የጣለው ሰው አለ። መርፌ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ አድሬናሊን በእጅ ይኑር። ለአዋቂ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ጭኑ ላይ በውጭ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ፣ ሳይዘገይ። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ከሌላ ሰው ኪስ ያለ አድሬናሊን እንደሌለ ይቆጠራል።

ለወላጆችም ቃል አለኝ። ልጃችሁን ስትሸኙ ስንቅ ትቋጥራላችሁ፣ ጸሎት ታደርሳላችሁ። ያን ቀን አንድ ነገር ጨምሩ፤ በልጅነቱ ምን መርፌ ምን እንዳደረገው ቁጭ ብላችሁ ንገሩት። የመድኃኒቱን ስም ካላወቃችሁት ያደረሰውን ነገር ንገሩት፤ «አበጠ»፣ «ተንቀጠቀጠ»፣ «ቆዳው ተላጠ»። ለእናንተ አንድ የሚመስለው ለሐኪም ሦስት የተለያየ ነገር ነው። እሱም በወረቀት ይጻፈው። ከእናንተ በቀር ይህን የሚያውቅለት የለም።

ያ ልጅ ደብተሩን ሳይቀደድ ይዞ ሄደ። ጎን ላይ የሰማሁትን ታሪክ በሰማያዊ ጻፍሁለት፤ «በልጅነት ለትኩሳት ከተወጋው መርፌ በኋላ መንቀጥቀጥ፤ ሽፍታና እብጠት አልተነገረም፤ አለርጂ መሆኑ ይጣራ»። ቀዩን አልነካሁትም፤ ማጥፋት የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ የምርመራ ነው።

በር ላይ ሲደርስ «ታዲያ ትነግራቸዋለህ?» አልሁት።

ትንሽ አሰበና «ከጠየቁኝ አልዋሽም። ካልጠየቁኝ ግን አልናገርም» አለኝ።

እኔ ከዚያ የተሻለ መልስ አልጠበቅሁም። ዕድሜው ያ ነው፣ ፍላጎቱም ያ ነው። ድርሻውን በግማሽ ከፍሏል፤ ቀሪው ግማሽ የእናንተ ነው። ጠይቁት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ ነርስ
ጎንደር፣ አዘዞ